የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ሬት ሲንድረም የአንድ ቀን ሥልጠና፣ ረቂቁ ምን ይዞ ይሂድ?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሬት ሲንድረም፣ በብዛት ሴት ልጆችን ይዞ የለመዱትን ስለሚያስጥላቸው የአንጎል ሕመም፣ ለወላጆች፣ ለነርሶችና ለባዮሎጂ መምህራን የአንድ ቀን ሥልጠና እንዲፈቀድልን እንጠይቅ ብለን ተስማምተናል። የቀረው ይዘቱ ነው። ባለፈው «የጂን አገላለጽ ቁጥጥር በአንጎል ሴሎች» የሚል ርእስ ይዘን ነበር። በዚህ ርእስ ተጠርቶ የሚመጣ ወላጅ አይታየኝም። እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡበት።

መምህሩ፦ «ጂን ሲነበብ» በሉት። ተማሪዎቼን ስጀምር የምላቸው ይህን ነው። የጉበት ሴልና የአንጎል ሴል የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው፤ ፕሮቲን የሚያሠሩት ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች በሁለቱም ውስጥ አሉ። ታዲያ አንዱን ጉበት፣ ሌላውን አንጎል ያደረገው ምንድን ነው? የሚያነቡት፣ ማለትም ገልብጠው ፕሮቲን የሚሠሩበት፣ ክፍል ይለያያል። ዳዊት የሚደግም ሰው መጽሐፉ ሙሉውን በእጁ ነው፣ የሚደግመው ግን የዕለቱን ነው፣ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ።

አንጎል ውስጥ ደግሞ ንባቡ በደቂቃዎች ይቀያየራል። የነርቭ ሴል ጠንከር ያለ መልእክት ሲደርሰው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ እሱ የሚያስነሳው ቅብብል ዲኤንኤው ያለበት የሴሉ እምብርት፣ ኒውክለስ፣ ድረስ ይዘልቃል፣ እዚያ ክሬብ በሚባል ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጠፍና ሲ-ፎስ የሚባለው ጂን መነበብ ይጀምራል። በ30 ደቂቃ አካባቢ የሲ-ፎስ ቅጂ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ ይወርዳል። ሠልጣኞቹ ቁጭ ብለው ሲያዳምጡን ይኸው ነገር በየጭንቅላታቸው እየተካሄደ ነው። ይህን ሳልነግራቸው ቀኑ ባያልፍ ደስ ይለኛል።

ነርሷ፦ መምህር፣ የዳዊቱ ምሳሌ ያምራል፣ ግን ሙስሊም እናቶችም ይመጣሉ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ይሻላል። እኔ ጨው ነው የምለው። የጂኖችን ንባብ የሚገራው ሜክፒ-2 የሚባል ፕሮቲን ሲጎድል ሬት ይመጣል። ጂኑ እጥፍ ሆኖ ፕሮቲኑ ሲበዛም ሌላ ከባድ ሕመም አለ፣ እሱ በብዛት የሚይዘው ወንዶችን ነው። ወጥ ጨው ሲያንሰውም ሲበዛበትም አይበላም። «ጤነኛውን ጂን ለምን አትጨምሩላትም?» ብለው ሲጠይቁን መልሱ ከዚሁ ይነሳል። ጂኑ ያለው ኤክስ ክሮሞሶም በሚባለው የዲኤንኤ ጥቅል ላይ ነው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ አላት፣ እያንዳንዱ ሴል ግን አንዱን ዘግቶ በሌላው ነው የሚሠራ። ስለዚህ የልጅቷ አንጎል ውስጥ አንዳንዱ ሴል ጨዉ ልክ ነው፣ አንዳንዱ ጨርሶ የለውም። ለሁሉም እኩል ብትነሰንሺ ልክ የነበረው ይበላሻል። ተመራማሪዎቹን የሚያስቸግራቸው አንዱ ነገር ይህ ነው፣ ወላጅም ሊያውቀው ይገባል።

እናት (የቦርድ አባል)፦ እኔ ስለ ፕሮቲን ብዙ አላውቅም። ልጄ በ1 ዓመት ከ3 ወሯ ማንኪያ ይዛ ትበላ ነበር። ግማሹን ገንፎ ፊቷ ላይ ትቀባዋለች፣ ግን ማንኪያውን ትይዛለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ተወችው። አንስቼ ስሰጣት አትጨብጠውም፣ ዓይኗ ግን ማንኪያው ላይ ነው። በኋላ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ማሸት ጀመረች፣ ቀኑን ሙሉ። ጎረቤት ቡዳ ነው አለኝ። የሕክምና ባለሙያ ደግሞ «እርጉዝ ሆነሽ ምን ወሰድሽ?» አለኝ። ያንን ጥያቄ ስድስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። መጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «የእናት ጥፋት አይደለም» ተብሎ ይጻፍልኝ። ካልሲየሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሐኪሟ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ማስረጃውም ካንቺ ጋር ነው። ከመቶ ከ99 በላይ የሬት ልጆች ጋ የጂኑ ስህተት ከወላጅ የተወረሰ ሳይሆን አዲስ የተፈጠረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በአባት የዘር ሴል ውስጥ ዲኤንኤ ሲገለበጥ ነው። አባትም አላጠፋም። ድንገት የሚሆን ነገር ነው። ምግብ፣ ድንጋጤ፣ ዓይን፣ አንዳቸውም አያመጡትም። ይህ በረቂቁ የመጀመሪያ አንቀጽ ይግባ።

ስሙንም እናስረዳ፤ ብዙ ሰው ሬት ሲባል መራራው ተክል ነው የሚመስለው። አንድርያስ ሬት የቪየና ሐኪም ነው፣ ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1966 የጻፈው እሱ ነው። ጂኑን በ1999 ያገኘው አሜሪካ ያለው የሁዳ ዞግቢ ቡድን ነው። ሜክፒ-2 ሥራው ዲኤንኤ ላይ ሜቲል የሚባል ምልክት ያለበትን ቦታ እየፈለገ መቀመጥና የንባቡን መጠን መግራት ነው። የነርቭ ሴል እየበሰለ ሲሄድ መጠኑ ይጨምራል። ለዚህ ነው ልጅቷ መጀመሪያ ደህና መስላ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የያዘችውን የምትለቀው።

ተስፋውን በልኩ እንንገር። በ2007 የኤድንብራው የኤድሪያን በርድ ቡድን አይጦች ላይ ጂኑን ዘግቶ፣ ከታመሙ በኋላ መልሶ ሲከፍተው ብዙዎቹ ምልክቶች ጠፉ። የነርቭ ሴሎቹ አልሞቱም ማለት ነው። ሰው ላይ ግን ገና እዚያ አልተደረሰም። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለሬት የተፈቀደው የመጀመሪያ መድኃኒት ትሮፊኔታይድ ምልክቱን ያቀላል እንጂ ጂኑን አያስተካክልም።

አንድ ተቃውሞ አለኝ፤ በረቂቁ ክፍል 4 ላይ ያለው የማጊል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይውጣ። በ2004 የታተመው ማለቴ ነው፣ እናታቸው አብዝታ የላሰቻቸው የአይጥ ግልገሎች አንጎል ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ተቀባዩ ጂን ላይ ሜቲል አንሶ የተገኘበት። ድንቅ ሥራ ነው። ግን ጠዋት «ጥፋትሽ አይደለም» ያልናት እናት ከሰዓት «እናት ስታቅፍ ጂን ይቀየራል» ከሰማች የትኛውን ይዛ ነው ቤቷ የምትገባው?

መምህሩ፦ እኔ ነኝ ያስገባሁት። ዶክተር፣ ሙሉ በሙሉ ይውጣ ማለት ግን ይከብደኛል፤ ኑሮ ራሱ ንባቡን እንደሚነካ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ የለኝም፣ መምህራኑም ክፍል ውስጥ መጠየቃቸው አይቀርም። ከሰዓት ለመምህራን ብቻ በሚሆነው ሰዓት ይሁን፣ ሬትን እንደማይመለከት ቀድሜ እናገራለሁ።

ሐኪሟ፦ እንደሱ ከሆነ እስማማለሁ። ለወላጆች በሚታደለው ወረቀት ላይ ግን አይታተም።

ጸሐፊዋ፦ ጥሩ። ርእሱ «ጂን ሲነበብ»፣ ከሥሩ «የሬት ሲንድረም ወላጆችና ባለሙያዎች ሥልጠና»። ነርሷ የጨውን ክፍል በአንድ ገጽ እስከ ረቡዕ ላኪልኝ። ዳዊቱ መምህር በቃል እንዲጠቀሙበት ይቅር፣ ሲ-ፎስ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። እህታችን፣ የማንኪያው ታሪክ ረቂቁ ውስጥ ቢገባ ትፈቅጃለሽ?

እናት፦ ይግባ። ስሟ ብቻ አይጻፍ። አሁን 8 ዓመቷ ነው፣ የማጎርሳት እኔ ነኝ። ዓይኗ አሁንም ማንኪያው ላይ ነው።