ማንጎ ለሚያተላው ዝንብ ጉንዳን፣ ተርብ፣ ፈንገስና ዶሮ ባንዴ ቢለቀቅ ይሆናል?

የመርሳው ልጅ
ሰላም ጀማው እንዴት ናችሁ። አባቴ መርሳ አካባቢ ሰላሳ ምናምን እግር ማንጎ አለው፣ አጥሩ ዳር ደሞ ዘይቱን። ሶስት አመት ሆነው ማንጎው ገና ሳይበስል ቆዳው ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ነጥብ ይወጣበታል፣ ስትሰነጥቀው ትል ነው። ባለፈው ግንቦት ነጋዴው ሁለት ሶስት ፍሬ ሰንጥቆ አየና ጥሎን ሄደ። ማላታይን ረጨን፣ ሳምንት ጠፋ ስንል ተመልሶ መጣ። አሁን አንድ ጓደኛዬ ጠላቶቹን ሰብስበህ ልቀቅበት ይለኛል፣ ጉንዳን፣ ትንንሽ ተርብ፣ አፈር ላይ የሚደረግ ፈንገስ፣ ዶሮ። ሁሉንም ባንዴ ባደርግ የበለጠ ይሰራል ወይስ እርስ በርስ ይበላላሉ? አባቴማ "ተርብ ልግዛ ብለህ እንዳታስቀኝ" ብሎኛል ሃሃ

ሐይቅ ዳር
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ዝንቡን ለይ። ጀርባው ጠቆር ብሎ በግራና በቀኝ ቢጫ መስመር ካለው የእስያው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ላይ ታይቶ ከዛ አፍሪካን ያዳረሰው። ክንፉ ዝንጉርጉር ከሆነ ድሮም አፍሪካ ውስጥ ከነበሩት ነው፣ ሜዲትራኒያን የሚሉት አንዱ ነው። ለምን መሰለህ ይሄን የምልህ፣ ተርቡ እንቁላሉን ዝንቡ እንቁላል ወይ ትል ውስጥ ይጥላል፣ ልጁ ከውስጥ ይበላዋል። አፍሪካ ውስጥ የነበሩት ተርቦች ግን የእስያው ላይ ብዙም አይሰሩም፣ ትሉ ገላው ውስጥ የገባበትን የተርብ እንቁላል ከቦ አፍኖ ይገድለዋል። ለዛ ነው ኬንያ ያለው የነፍሳት ምርምር ተቋም ኢሲፔ ከሃዋይ ተርብ አስመጥቶ የለቀቀው። አንዱ ፎፒየስ አሪሳነስ ይባላል፣ የዝንቡ እንቁላል ውስጥ ነው የሚጥለው፣ ሌላው ዲያካስሚሞርፋ ሎንጊካውዳታ ረጅም መውጊያ አለው፣ ፍሬው ውስጥ ያለውን ትል ፈልጎ ይወጋል። ሁለቱም የሚወጡት ትሉ አፈር ገብቶ ፑፓ ከሆነ፣ ማለትም ዝንብ ከመሆኑ በፊት ቅርፊት ውስጥ ከተኛ በኋላ ነው።
ስለ መበላላቱ ልክ ነህ። ሃዋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ብዙ አይነት ተርብ ነው የገባው፣ መጀመሪያ ሎንጊካውዳታ በዛ፣ ከዛ ሌላ ሶስተኛ አይነት በለጠው፣ በመጨረሻ አሪሳነስ ሁለቱንም ገፍቶ ቦታውን ያዘ። እንቁላሉ ላይ ቀድሞ ስለሚደርስ አንድ ትል ውስጥ ሁለቱ ከተገናኙ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ግን ዝንቡ ቀነሰ እኮ! ዋናው እንቁላሉን አንዱ፣ ትሉን አንዱ፣ አፈር የገባውን ሌላው እንዲይዝልህ ነው፣ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ከተሻሙ ትርፍ የለውም።

ከሚሴ መንገድ
ተርቡ ከየት ይመጣል ግን?? ገበያ የለ። ከውጭ ነፍሳት ማስገባት በግለሰብ አይሆንም፣ የመንግስት ፈቃድና ኳራንቲን አለው። ልጁን ባዶ ተስፋ አትስጡት።

ሐይቅ ዳር
እሱስ እውነት ነው፣ የገለፅኩት እንዴት እንደሚሰራ ነው። ያለውን ተርብ ግን አለመግደል ይቻላል። ማላታይን ዛፉን ሙሉ ስትረጭ ዝንቡ ከጎረቤት ይመለሳል፣ ተርቡ ግን ቶሎ አይመለስም፣ የሳምንቱ ነገር አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው። መርጨት ግድ ከሆነ ፕሮቲን ማባበያ ስፒኖሳድ ከሚባል ፀረ ተባይ ጋር የተቀላቀለ፣ ዛፉን ሳታለብስ እዚህም እዚያም ጠብታ ብቻ። ሜቲል ዩጂኖል የሚባል ዝንብ የሚስብ ሽታ ያለው ወጥመድም አለ፣ ወንዱን ብቻ ነው የሚስበው፣ ሜዲትራኒያኑን ጭራሽ አይጠራም፣ ቀድሞ ከወንድ ጋር የተገናኘች ሴት ደሞ አሁንም ፍሬውን ትወጋለች።

የሐርቡ ዶሮ አርቢ
እኔ ሳይንሱን ተዉት፣ ከማንጎዬ ስር ዶሮ ለቅቄ አይቻለሁ። ትሉ ከወደቀው ፍሬ ወጥቶ አፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው የሚገባው፣ ዶሮ ደግሞ ጭራ ታወጣዋለች። ዝንቡ ጠፋ አልልም፣ ጎረቤቴ የወደቀውን አይለቅምማ፣ ከሱ ይመጣል። ግን ትላንት የማያምነኝ የነበረ አጎቴ አሁን ዶሮውን ሳይጠየቅ ይልካል።

ሐይቅ ዳር
ጥሩ ነው፣ ግን ዶሮ ፑፓው ውስጥ ተርብ ይኑር ዝንብ መርጣ አትበላም 😄 እዚህ ጋ ነው ቅንጅቱ የሚጋጨው። ሃዋይ ላይ የሚያደርጉት ሸጋ ዘዴ አለ፣ የተለቀመውን የተበላ ፍሬ ድንኳን በመሰለ ነገር ውስጥ ይከታሉ፣ ጠርዙ አፈር ይለብሳል፣ አናቱ ላይ ቀዳዳው የደቀቀ መረብ አለ፣ ዝንቡ አያልፍም ተርቡ ሾልኮ ይወጣል። ፈንገሱ ሜታራይዚየም ነው፣ እርጥብ አፈር ይወዳል፣ በበጋ ደረቅ አፈር ላይ ብትበትነው ገንዘብህን ነው የምትበትነው። ቅጠል የሚሰፋው ጉንዳን ቤኒን ማንጎ ላይ ተሞክሯል፣ ከመብላቱ ይልቅ የሄደበት ፍሬ ላይ ዝንቧ መጣል ትፈራለች፣ ግን ቆላ ሙቀት ይወዳል፣ እኔ በሐይቅ በኩል አይቼው አላውቅም። ተራ ጉንዳን ሰብስበህ ብታመጣ ያው ቤት ገብቶ ስኳር ነው የሚበላ።

የመርሳው ልጅ
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁም። እንግዲህ ዘንድሮ ድንኳኑ ባይሆንም የወደቀውን በየሁለት ቀኑ ለቅሜ በጥቁር ላስቲክ አስሬ ፀሀይ ላይ ላድርገው፣ ዶሮም ልልቀቅ። ዘይቱኑስ? ቁረጠው የሚሉኝ አሉ፣ እናቴ ግን ታለቅሳለች።

የሐርቡ ዶሮ አርቢ
አትቁረጥ በናትህ። ማንጎው ሲያልቅ ዝንቡ ዘይቱኑ ላይ ነው የሚቆየው፣ የዘይቱኑንም የወደቀ ልቀም፣ የበሰለውን ዛፍ ላይ አታሳድር። ዶሮውን ጠዋት ልቀቅ፣ ቀን ላይ ከጭልፊት ጠብቅ። ጫጩት ካሰኘህ ሐርቡ ብቅ በል።

ከሚሴ መንገድ
ጎረቤትህንም አስለቅመው፣ ካለዛ የሱን ዝንብ ነው የምትቀልብ።

የመርሳው ልጅ
ጎረቤታችን አጎቴ ነው፣ የመጀመሪያው ጦርነት እዛ ነው ሃሃ። ለቡና እጠራዋለሁ።