የኤምዲኤፍ ጠርዝ አልለሰልስ ስላለኝ ምክራችሁን እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የእንጨት ሥራና የቀለም ባለሙያዎች፤

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በምኖርበት ቤት በረንዳ ላይ፣ ከ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረትና ሙጫ ተጨምቆ ከሚሠራ ሰሌዳ) ለልጆቼ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠርቼ ነጭ ቀለም መቀባት ከጀመርሁ ሁለት ሳምንት ቢያልፍም፣ እስካሁን እጅ ሲዳስሰው የሚለሰልስ ገጽ አላገኘሁም። ሰፊው ገጽ ብዙም አላስቸገረኝም፤ ያስመረረኝ በመጋዝ የተቆረጠው ጠርዝ ነው።

መጀመሪያ የቀባሁት በውሃ የቀጠነ ፕላስቲክ ቀለም ነበር። ስህተቱን የተረዳሁት፣ ከገጹ ይልቅ የሳሳው የመሃል ክፍል ውሃውን መጥጦ ካበጠና የእንጨቱ ብናኝ ጭረት እንደ ጢም ከቆመ በኋላ ነው። ከዚያም በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ በ240 አለስልሼ በዘይት ቀለም ብደግመውም፣ ሸካራነቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የሩሎው ነጠብጣብም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ታትሞበት ቀርቷል። ጊዜው ክረምት በመሆኑ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፤ ማታ መብራት ካየ ደግሞ የጣና ትንኝ ሁሉ መጥቶ እርጥቡ ላይ ይለጠፋል።

ስለዚህ ጠርዙን ቀለም ከመንካቱ በፊት በቀጠነ ኮላ ብደፍነው ይሻላል ወይስ በዘይት ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት በሚቀባ መነሻ ቀለም)? ቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር ስለሌለኝ፣ በአጭር ጸጉር ሩሎ ብቻ የልጣጩን ምልክት ማስቀረት የሚቻለው ቀለሙን በአኳራጃ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ምን ያህል በማቅጠን ነው? አሁን ያለውን ቀለም እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቄ ማንሳት ይኖርብኝ እንደሆነም ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።