የወጣት የቀድሞ ወታደር የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ከሠራዊቱ በክብር በተሰናበተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወጣትነቱ አረፈ። በመታሰቢያው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ቤተሰቡ አደራ ሰጥቶኛል፤ ነገር ግን የውትድርና ዘመኑ ሌላውን ሕይወቱን እንዳይሸፍነው እሰጋለሁ።

መልስ 1፦ ነፍሱን ይማር፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥ። ማዕረጉን፣ ክፍሉንና የአገልግሎት ዘመኑን ከመሰናበቻ ሰነዱ ይውሰዱ፤ የጓዶች ትዝታ ቀንና ቦታን ያምታታልና። ጓዶቹን መጠየቅ ያለብዎት ሰነድ የማይመዘግበውን ነው፦ ሌሊት ጥበቃ ላይ ምን ያወራ እንደነበር፣ አዲስ ምልምል ሲመጣ እንዴት ይቀበል እንደነበር፣ በምን ይበሳጭ እንደነበር (ይህም ይጻፍ፤ እንከን የሌለበት ሰው ማንም አያምንም)።

መልስ 2፦ ከመልስ 1 ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም ከተሰናበተ በኋላ ያለውን ዘመን በአንድ ዓረፍተ ነገር አይለፉት፤ ለብዙ ወጣት ወታደሮች ወደ ሲቪል ሕይወት መመለስ ከአገልግሎቱ ያላነሰ ትግል ነው። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ጭንቀት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ በሕመምነት የተመዘገበው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ወንድምዎ ይህ ሕመም ከነበረበትና ቤተሰቡ እንዲነገር ከፈቀደ፣ እንደ ማንኛውም የአካል ቁስል ይጻፉት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። እናታችን እንዲነገር ትፈቅድ እንደሆነ አስቀድሜ እጠይቃታለሁ።