ፖታሺየም ናይትሬት በ38 ፈንታ በ49 ዲግሪ ክሪስታል ሠራ፤ ችግሩ ምንድን ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፖታሺየም ናይትሬትን የመሟሟት ግራፍ (በየሙቀቱ ስንት ግራም እንደሚሟሟ የሚያሳየውን) እየሠራሁ ነው። ቴስት ቲዩብ ውስጥ 6 ግራም ጨው አድርጌ እስከ 10 ሚሊ ሊትር ምልክት ድረስ ውኃ እሞላለሁ። አሙቄ ሁሉም ሲሟሟ አወጣውና ሲቀዘቅዝ የመጀመሪያው ክሪስታል የታየበትን ሙቀት እመዘግባለሁ። በሠንጠረዡ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መሆን ሲገባው 49 ላይ ይወጣል። ያንኑ ቲዩብ ስደግመው ደግሞ 51 ይሆናል። ሌላው ቲዩብ እስከ 30 ወርዶ ምንም አልታየበትም፤ ስነካው ግን ባንዴ ነጭ ሆነ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?

ቢከር፦
ጨውህ በደንብ አልተፈጨ ይሆናል። አድቅቀህ ብዙ አማስለው፣ ያኔ የበለጠ ይሟሟል።

ክሪስታል፦
ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ውኃው ላይ ነው። ሠንጠረዡ የሚለው በ100 ግራም ውኃ ነው እንጂ በ100 ሚሊ ሊትር ሶሉሽን (ጨውና ውኃው አንድ ላይ) አይደለም። የጨው ጥግግት በሚሊ ሊትር 2.1 ግራም ስለሆነ 6 ግራሙ ብቻውን 2.9 ሚሊ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። አንተ እስከ 10 ስትሞላ የገባው ውኃ 7.1 ገደማ ነው ማለት ነው። 6ን ለ7.1 አካፍለህ በ100 ብታባዛው 84 ግራም ይመጣል። በ50 ዲግሪ የሚሟሟው ደግሞ 85 ያህል ነው። ስለዚህ ያነበብከው 49 ልክ ነው፤ 6 ግራም በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው ብለህ ግራፉ ላይ 60 ያልከው ነጥብ ነው 84 መሆን ያለበት።
ከአሁን በኋላ ጨውን መዝነህ አስገባ፣ ውኃውን ለብቻው በፒፔት ወይም በሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ለክተህ ጨምር። የቲዩቡን ምልክት እርሳው።

ሞል፦
የቢከርን መልስ ላርም፦ መፍጨትና ማማሰል የሚያፋጥኑት መሟሟቱን ነው። መጠኑን አይጨምሩም። በ20 ዲግሪ 100 ግራም ውኃ 31.6 ግራም ፖታሺየም ናይትሬት ይይዛል፤ ዱቄትም ሆነ ድፍን ልዩነት የለውም።
ሲደገም ወደ 51 የወጣው በትነት ነው። ካለህ ውኃ 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢተን 84ቱ 88 ይሆናል፣ ያ ደግሞ 51 ዲግሪ ነው። በእሳት ላይ በቀጥታ አታሙቀው፣ ሙቅ ውኃ ባለው ቢከር ውስጥ አቁመው፣ አፉን በጥጥ ላላ አድርገህ ድፈን። ከማሞቅህ በፊትና በኋላ ቲዩቡን ብትመዝነው የጎደለውን ውኃ ታውቃለህ፣ መልሰህ ትሞላዋለህ።
ዝም ብሎ እስከ 30 የወረደው ከአቅሙ በላይ የያዘ (ሱፐርሳቹሬትድ) ሆኖ ነው። ክሪስታል የሚጀምርበት ነገር ካላገኘ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ በመስታወት ዘንግ ቀስ እያልክ አማስል፣ የቲዩቡን ግድግዳ ጫር ጫር አድርግ። የቴርሞሜትሩን አምፖል ግን ለማማሰያ አትጠቀምበት፣ ይሰበራል።

ክሪስታል፦
በዚህ ላይ ሁለት ንባብ ውሰድ፦ ሲቀዘቅዝ የመጀመሪያው ብልጭታ የታየበትን፣ ቀስ ብሎ ሲሞቅ የመጨረሻው ፍሬ የጠፋበትን። በሁለቱ መካከል ከ2 ዲግሪ በላይ ካለ ቶሎ አቀዝቅዘኸዋል።

ጠያቂ፦
ውኃውን ለብቻው ለክቼ 39 አገኘሁ፣ አመሰግናለሁ። ናይትሬቱ ሊያልቅብኝ ነው። ለቀሩት ነጥቦች በገበታ ጨው ልተካው?

ሞል፦
አይሆንም። በአንድ ግራፍ ላይ ሁለት ጨው አይቀላቀልም፣ ለብቻው ግራፍ ብትሠራለትም መስመሩ ጠፍጣፋ ነው። የገበታ ጨው በ0 ዲግሪ 35.7፣ በ100 ደግሞ 39.2 ግራም ነው። በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ ሲሰላ ከመፍላት እስከ በረዶ ድረስ 0.35 ግራም ብቻ ይለያያል፤ በተራ ሚዛን ልዩነቱን በደንብ አታይበትም።
ያለህን ናይትሬት አትድፋው። ውኃውን አስተንነህ አድርቀህ መልሰህ መዝነው፣ ከወረቀትና ከሌላ ተቀጣጣይ ነገር ግን አርቀው። ጭራሽ ካለቀ አሞኒየም ክሎራይድ ውሰድ፦ በ20 ዲግሪ 37፣ በ60 ደግሞ 55 ግራም ያህል ስለሚሟሟ፣ በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ 4፣ 4.5፣ 5 እና 5.5 ግራም ብታደርግ ነጥቦቹ ተራርቀው ይወጣሉ።