የባጅራ ዴብራ ለስኳር በሽተኛ እናቴ፦ በቡልቱግ ይሻላል ወይስ በዳጉሳ?

የራጅኮቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ህንድ አገር፣ ጉጅራት ክልል፣ ራጅኮት ነው ያለሁት። ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ በቅርቡ ወደ አገር ቤት እመለሳለሁ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። ሁላችንም ማሲ ነው የምንላቸው። ብርዱ ሲገባ ከእሳቸው ማድ ቤት ዴብራ አይጠፋም። ለማታውቁት፣ የባጅራ ዱቄት ከትኩስ አብሽ ቅጠል፣ ከእርጎ፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ ጋር ይለወስና በእጅ ተጠፍጥፎ ምጣድ ላይ የሚበስል ስስ ቂጣ ነው። ከሻይ ጋር ይበላል። ባቡር ለሚሳፈርም ጥሩ ስንቅ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። ቡና ያለ ቡና ቁርስ አይሆንላትም። ሐኪሟ ነጭ ዳቦ ቀንሺ ብሏታል፣ ቆሎ ደግሞ ጥርሷ አልቻለም። እና ይህን ዴብራ ልሠራላት አስቤያለሁ።

ባጅራ የምንለው የእኛው ቡልቱግ ነው አይደል? ቡልቱግ ካጣሁ ዳጉሳ ይሆናል? ማሲ ጎል (ያልተጣራውን የሸንኮራ ስኳር) ይጨምሩበታል፤ እሱን ብተወው ጣዕሙ ይበላሻል? ዘይቱንስ መቀነስ ይቻላል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ሜቲ ባሮዳ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! እኔ እዚሁ ጉጅራት፣ ባሮዳ ከተማ ለሐበሻ ተማሪዎች ምግብ እሠራለሁ። ጎረቤቶቼ በሙሉ ጉጅራቲዎች ናቸው፤ ዴብራን ከእነሱ ነው የተማርኩት። ጥያቄሽ ደስ ስላለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አዎ፣ ባጅራ ቡልቱግ ነው። ግን ከእህሉ ዓይነት በፊት የዱቄቱን ነገር ልንገርሽ። ቅመሙ ቢጎድል ዴብራው ይበላል። ዱቄቱ ከቆየ ግን ምንም አያድነውም። ባጅራ ከስንዴም ከሩዝም የበለጠ ቅባት አለው፤ በ100 ግራም 5 ግራም ያህል። እህሉ ሳይፈጭ ወራት ይቀመጣል። ከተፈጨ በኋላ ግን ቅባቱ ቶሎ ይበላሽና ዱቄቱ ይመራል። የሰፈራችን ሴቶች ወፍጮ ቤት ሲሄዱ አንድ ኪሎ፣ ቢበዛ ሁለት ኪሎ ነው የሚያስፈጩት። ጎረቤቴ ዱቄት ከመግዛቷ በፊት ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ታደርጋለች። መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮ ላይ መረር ካለ ትታው ትሄዳለች። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። የተረፈውን በደንብ ከድነሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው።

የታሸገ ዱቄትና የታሸገ «የባጅራ ብስኩት» ይዘሽ ለመሄድ አትድከሚ። በፈረንጆቹ 2023 በተባበሩት መንግሥታት የሚሌት (እንደ ባጅራና ዳጉሳ ያሉ ደቃቅ እህሎች) ዓመት ተብሎ ሲከበር ሐሳቡን ያቀረበችው ህንድ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ሁሉ ባጅራ ባጅራ ይላል። እሽጉን ገልብጠሽ አንብቢው። ስንዴና ስኳር አስቀድሞ የተጻፈበት ብዙ አለ። ለእናትሽ የሚሆነው እጅሽ የሠራው ነው።

አሁን ወደ ሊጡ። እኔ ለሁለት ኩባያ የባጅራ ዱቄት ግማሽ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ከነገለባው እጨምራለሁ። አንድ ኩባያ ሙሉ የተከተፈ አብሽ ቅጠል፣ ግማሽ ኩባያ ያህል እርጎ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አብሮ የተወቀጠ ዝንጅብልና ቃሪያ፣ አንድ ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ያንኑ ያህል ነጭ አዝሙድ፣ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዘይት። እዚህ አጅሞ የሚሉት የእኛው ነጭ አዝሙድ ስለሆነ እሱን ተሸክመሽ አትሂጂ። ከአብሽ ቅጠሉ በቀር ሁሉም እናትሽ ጓዳ ውስጥ አለ።

ውሃ መጀመሪያ አትጨምሪ። ጨው የነካው ቅጠል ራሱ ውሃ ያወጣል፤ እርጎውም አለ። በእነሱ ለውሺው፣ ከዚያ ካነሰ ለብ ያለ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጊ። ሩብ ሰዓት ያህል ከድነሽ አሳርፊው።

መጠፍጠፉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነውና። ባጅራ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ነገር የለውም። በመዳመጫ ከሄድሽበት ዳር ዳሩ ይሰነጠቃል፣ ሲነሳም ይበጣጠሳል። ጎረቤቴ ስስ የጥጥ ጨርቅ ውሃ ነክራ ትጨምቅና መክተፊያ ላይ ታነጥፋለች። የእንቁላል መጠን ያላት ድቡልቡል ሊጥ መሐሉ ላይ ታስቀምጣለች። ጣቶቿን እያረጠበች ከመሐል ወደ ዳር ትጠፈጥፈዋለች። ዳሩ ሲሰነጠቅ አትደነግጥም፤ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ታያይዘዋለች። ከዚያ ጨርቁን ከነሊጡ ታነሳና ምጣዱ ላይ ትገለብጠዋለች። ጨርቁን ከአንድ ጥግ ጀምራ ቀስ ብላ ስትልጠው ዴብራው ምጣዱ ላይ ይቀራል። ጨርቁ ደረቅ ከሆነ ይጣበቃል፣ ውሃ ካንጠባጠበ ደግሞ ዴብራው ይቀደዳል። ጨርቅ ካስቸገረሽ ዘይት የነካ ንጹሕ ፌስታል ይሠራል፤ ፌስታሉ ግን ምጣዱን እንዳይነካ መጀመሪያ ዴብራውን መዳፍሽ ላይ ገልብጪው።

እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ለአንዱ ዴብራ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት በዳሩ ዙሪያ ይበቃል። ሰሊጡ መንጣጣት ሲጀምርና ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ገልብጪው። በዘይት ውስጥ ጠልቆ የሚጠበስም አለ፤ እሱ ይቅርባት።

ጎሉን ተይው። የሚገባው የአብሽ ቅጠሉን ምሬትና የእርጎውን ጉምዛዜ ሊያለዝብ ነው። ቅጠሉን ከትፈሽ ጨው ነስነስ አድርጊበትና ትንሽ ቆይተሽ ጨመቅ አድርጊው፤ ምሬቱ ይቀንሳል። ሰሊጡን ደግሞ ጨመር አድርጊ። ጣዕሙ ይለወጣል እንጂ አይበላሽም። እኔ እንዲያውም ያለ ጎል የሚሠራውን እመርጣለሁ።

ዳጉሳ ላልሽው፣ ይሆናል። እዚህም ይበላል። በደቡብ ጉጅራት፣ በዳንግ ተራራማ አካባቢ፣ ናግሊ ብለው ሮትላ የሚባለውን ቂጣ ይጋግሩበታል። በካልሲየም ከእህል የሚስተካከለው የለም ማለት ይቻላል፤ በ100 ግራም ከ300 ሚሊግራም በላይ አለው። ሊጡ ግን ከባጅራ ይልቅ ደረቅ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ ላይ የፈላ ውሃ ጠብ አድርጊ፣ በማንኪያ አማስዪው፣ ከዚያ ሲበርድ ሌላውን ጨምረሽ ለውሺው። መልኩ ጠቆር ይላል። ጣዕሙን እናትሽ ታውቀዋለች።

ነርስ ከአዳማ

እህቴ፣ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፤ በአንድ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅሽ።

ጎልን ሰው እንደ መድኃኒት ያወራለታል። ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው። ጉጅራቶች ከዴብራ ጋር የሚያቀርቡት ጣፋጭ የማንጎ ቹንዶም እንደዚያው፤ ግማሹ ስኳር ነው ብትይ አልተሳሳትሽም። ለእናትሽ ያልጣፈጠ እርጎ አቅርቢላት።

ባጅራም ዳጉሳም ከነጭ ዱቄት ይልቅ አሰር አላቸው። ቢሆንም እህል ናቸው፣ ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። ትንንሽ ሁለት ዴብራ በዳቦው ምትክ ትብላ፤ በዳቦው ላይ ተጨምሮ አይሆንም። መለኪያ ካላት ከበላች ከሁለት ሰዓት በኋላ ትለካ፤ ለእሷ የሚስማማትን መጠን የሚነግራችሁ እሱ ነው። መድኃኒቷን ደግሞ በምግብ ምክንያት እንዳታቋርጥ አደራ። ሽማግሌዎቻችን ላይ ይህ ሲደርስ በየጊዜው አያለሁ።

ሌላው፣ ባጅራ ብረት አለው ሲባል ትሰሚያለሽ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከቡና ጋር ሲበላ ሰውነት የሚወስደው ይቀንሳል። ደም ማነስ ካለባት ቡናውን ትንሽ ታቆየው፤ ዴብራው ላይም ሎሚ ጨመቅ አድርጊላት።

እህል ተራ

ልጄ፣ እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ዕድሜዬን በእህል ንግድ ነው ያሳለፍኩት። ቡልቱግ የቆላ እህል ነው። እዚህ እንደ ዳጉሳ በየመደብሩ አታገኚውም፣ አስነግረሽ ነው የሚመጣልሽ። ዳጉሳ ግን ሞልቷል፤ የጎጃሙን ግዢ። ስትገዢ እፍኝ አንስተሽ በመዳፍሽ እሺው። አቧራና ገለባ የሚበዛበት ከሆነ እምቢ በይ። አሸዋ ስለማያጣው ሁለት ሦስቴ እጠቢና ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቂው። ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ከበርበሬ ቀጥሎ እንዳያስገቡብሽ ጠይቂ፣ አድቅቀው ይፍጩልሽ። ሸካራ ዱቄት ሆኖ ነው ብዙ ሰው ቂጣው ፈረሰብኝ የሚለው። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

የራጅኮቷ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የበርበሬውን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሜቲ ባሮዳ፣ ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ ጾም ትጾማለች፣ እርጎው ይከብዳል። የአብሽ ቅጠል ደግሞ አገር ቤት ከየት አመጣለሁ? ደግሞ ማሲ ለሺታላ ሳታም በዓል የሚሠሩት በዘይት የሚጠበሰው የባጅራ ቫዳ ብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል፤ እሱስ ለእናቴ አይሆንም?

ሜቲ ባሮዳ

ቫዳውን እኔም በጣም እወደዋለሁ። በሽራቫን ወር፣ ከክሪሽና ልደት በፊት ባለው ቀን፣ ጉጅራቶች ምድጃ አይለኩሱም። ሺታላ ሳታም የሚሉት እሱን ነው። ዋዜማውን ቀኑን ሙሉ ሲያበስሉ ይውላሉ፣ በማግስቱ ሁሉም ቀዝቃዛ ይበላል። ቫዳ የሚቆየው በዘይት ውስጥ ጠልቆ ውሃው ተሟጦ ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ አንቺ ቅመሺ፣ ለእናትሽ አይሁን።

ለእሷ ከዴብራም የሚሻል አለ፤ ሙቲያ። ያው ሊጥ ነው፣ ጠንከር ብሎ። እዚህ ዱዲ የሚሉትን ቅል ፈቅፍቀው ይጨምሩበታል፤ አንቺ ዝኩኒ አድርጊ። አንዳንዴ እኔ የስንዴውን ዱቄት አውጥቼ የሽምብራ ዱቄት አስገባለሁ፣ በደንብ ያያይዛል። ሊጡን እፍኝ እፍኝ እያልሽ በመዳፍሽ ጨምቀሽ የጣት ያህል ታስረዝሚዋለሽ። ድስት ውስጥ ውሃ አፍይ፣ ዘይት የቀባሽውን ወንፊት ላዩ ላይ አስቀምጪ፣ ሙቲያውን ደርድሪና ክደኚ። ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ቢላ ስትወጊበት ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ሳይበርድ አትቁረጪው፣ ይፈረፈራል። ከበረደ በኋላ ቆራርጠሽ፣ በአንድ ማንኪያ ዘይት ሰናፍጭና ሰሊጥ አንጣጥተሽ እዚያ ላይ አገላብጪው። ለብዙ ሰው ያ አንዷ ማንኪያ ዘይት ትበቃለች።

ለጾም እርጎውን አውጪና ግማሽ ሎሚ ጭመቂበት፣ የጎደለውን በለብታ ውሃ ሙዪ። የሐበሻ ተማሪዎቼ ዐቢይ ጾምን በዚህ ነው የሚያሳልፉት። ጉጅራት ውስጥ አብዛኛው ቤት ሥጋ የማይበላ ስለሆነ ወተት፣ እርጎና ቅቤውን ከተጠነቀቅሽ ብዙው ምግብ ለጾመኛ ይሆናል።

ቅጠሉን ራስሽ አብቅዪው። እኛ ቤት የምንጠቀምበት አብሽ ያው ዘር ነው። ያልተቆላ፣ ያልተፈጨ ግዢ። አንድ እፍኝ ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ አፈር ላይ በተን አድርጊ፣ ስስ አፈር አልብሺው። ሳፋው ሥሩ ይበሳ፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ሦስት አራት ሳምንት ሲሆነው ከሥሩ ሳትነቅይ በመቀስ ቁረጪው፣ ደግሞ ያቆጠቁጣል። የመጀመሪያው ቅጠል እስኪደርስ ጎመን በቀጭኑ ከትፈሽ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት ጨምሪበት። ከዚያ አታብዢ፣ ይመራል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከመሄድሽ በፊት ማሲን አጠገባቸው ቆመሽ አንዴ አብረሻቸው ጠፍጥፊ። የሊጡን ልስላሴ እኔ በጽሑፍ ልነግርሽ አልችልም። ጣትሽን ነክተው «አሁን ነው» ሲሉሽ ትይዥዋለሽ።

የራጅኮቷ

ዛሬ ማታ እጠይቃቸዋለሁ። ሜቲ፣ ለሙቲያው የሽምብራ ዱቄት ስንት ለስንት ነው?

ሜቲ ባሮዳ

ለሁለት ኩባያ ባጅራ ግማሽ ኩባያ። በዳጉሳ ከሆነ ሦስት ሩብ አድርጊው።