«ክህደት» ከየት መጣ? «ካደ» እና «ከዳ»ስ አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጽሑፍ ሳርም «ተበዳሪው ዕዳውን ከዳ» የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጠመኝና «ካደ» ብዬ አስተካከልሁት፤ ጸሐፊው ግን ሁለቱም ግሦች ስማቸው «ክህደት» ስለሆነ ልዩነት የላቸውም ብሎ ተከራከረኝ። የቃሉን አመጣጥና አገባብ የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦
እርማትዎ ትክክል ነው። «ካደ» የግእዙ «ክሕደ» ነው፤ መካከለኛው «ሕ» በአማርኛ ተውጦ ግሡ «ካደ» ሲሆን፣ ስሙ የግእዝ መልኩን እንደያዘ «ክሕደት» ሆኖ ቀርቷል። «ስሕተ» «ሳተ»፣ «ምሕረ»ም «ማረ» ከሆኑ በኋላ «ስሕተት» እና «ምሕረት» ሳይለወጡ የቆዩት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ በብዛት በ«ህ» ቢጻፍም፣ ሥሩን ስለሚያሳይ እኔ በሐመሩ «ሕ» መጻፉን እመርጣለሁ። ትግርኛ ድምፁን «ክሒዱ» ሲል እስከ ዛሬ ጠብቆታል፤ በዕብራይስጥ ደግሞ ተዛማጁ ሥር መሰወርንና መደበቅን ያመለክታል።

«ከዳ» ሌላ ግሥ መሆኑ ሲረባ ይታወቃል፤ አንዱ «ይክዳል፣ ክዶ፣ መካድ» ሲል ሌላው «ይከዳል፣ ከድቶ፣ መክዳት» ይላል። ሰው የሚክደው ዕዳን፣ አደራን፣ የተናገረውን ቃል ወይም ሃይማኖቱን ነው፤ የሚከዳው ግን ወዳጁን ወይም ሠራዊቱን ነው። «ጉልበቴ ከዳኝ» እንላለን እንጂ «ካደኝ» አንልም። ጴጥሮስም ጌታውን አላውቀውም ባለ ጊዜ ካደው እንጂ ከዳው አይባልም።

ሌላ መልስ፦
በግሦቹ ላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ጸሐፊው ያለ ምክንያት አልተሳሳቱም። «የሀገር ክህደት» ስንል የምናስበው መክዳትን ስለሆነ፣ ስሙ የሁለቱንም ግሦች ሥራ ደርቦ ይዟል። የጥንቱ ትርጉም ሳይደበዝዝ የሚገኘው በፍርድ ቤት ነው፤ ተከሳሹ ክሱ ተነቦለት ድርጊቱን ያምን ወይም ይክድ እንደሆነ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል፤ «እምነት» እዚህ ላይ ጥፋትን አምኖ መቀበል ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 133 ዝም ያለውንም ተከሳሽ ክሱን እንደካደ ይቆጥረዋል።

ሦስተኛ መልስ፦
«አስተባበለ» የሚለውንም አብራችሁ ብታዩት መልካም ነው። «ካደ» ስንል ሰውየው እውነቱን እያወቀ አላደረግሁም ማለቱን አብረን እየመሰከርን ነው፤ ስለዚህም ነው «ሽምጥጥ አድርጎ ካደ»፣ «ዐይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ካደ» የምንለው። «አስተባበለ» ግን የተባለው ነገር ሐሰት ነው ማለቱን ብቻ ይናገራል፤ እውነተኛው ማን እንደሆነ አይፈርድም። እውነቱ ገና ያልተጣራን ጉዳይ የሚዘግብ ጸሐፊ «ባለሥልጣኑ ካደ» ብሎ ከጻፈ ከማስረጃው በፊት ፍርድ ሰጥቷልና «አስተባበለ» ማለት ይገባዋል። የእርስዎ ተበዳሪ ግን መበደሩ በጽሑፉ ውስጥ የተረጋገጠ ከሆነ «ካደ» በትክክል ይገልጸዋል።