አጋዘን ገጭቼ ከወደቅሁ በኋላ ሞተር ላይ መረጋጋት አቃተኝ፤ እንዴት ልመለስ?

ጥያቄ፦ ግራ እጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሦስት ወር ተኩል በፊት፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ በጫካ መሀል በሚያልፍ መንገድ 80 ይዤ ስሄድ አጋዘን ከቀኝ ዘሎ ገባብኝ። ፍሬን የያዝኩ ይመስለኛል፤ መያዜን ግን ምዬ መናገር አልችልም። የማስታውሰው የጆሮውን ውስጥ ነጭ ፀጉር ነው። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ስንሸራተት የጓንቴን ሲርሲርታ።

ግራ እጄ አንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር። ድኗል፣ ሐኪሙም መንዳት ትችላለህ ብሎኛል። ሞተሩም ጋራዥ ገብቶ መብራቱ፣ መስታወቱ፣ የፍሬን እጀታውና ፕላስቲኩ ተቀይሮለታል።

ችግሩ እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ወጣሁ፤ አራቱንም ጊዜ ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ። ከ50 ሳልፍ ትከሻዬ ይወጠራል፣ መሪውን አንቄ እይዛለሁ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ሞተሩ ከሥሬ የሚሸሽ ይመስለኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ቁጥቋጦ ሁሉ አጋዘን ሆኖብኛል። ባለቤቴ ሽጠው ትላለች፤ እኔ መሸጥ አልፈልግም። «ጊዜ ይፈታዋል» የሚለውን ጠግቤዋለሁ፤ ወድቃችሁ የተመለሳችሁ ምን አደረጋችሁ?

መልስ፦ የማታ ወፍ
እንኳን ነፍስህ ተረፈች። ሦስት ወር እኮ ምንም ማለት አይደለም፤ እኔ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ለዚያውም የወደቅሁት ቆሜ ነበር፣ ግቢ ውስጥ። (አትሳቁ።)

መልስ፦ ዝግታ
እኔን የጣለኝ ውሻ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ያው ነው። ከጻፍከው ውስጥ ፍሬን መያዜን ምዬ መናገር አልችልም ያልከው ላይ ቆምኩ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ውሻውንማ ረስቼዋለሁ፤ ያላመንኩት እጄን ነው። ዳግም ቢመጣብኝ ይህ እጅ ምን ሊያደርግ ነው?

ስለዚህ መንገዱን ተውኩትና ጠጠር የሌለው ባዶ የአስፋልት ሜዳ ፈለግኩ። በ30 እየመጣሁ ማቆም ብቻ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ ዓይኔ ሩቅ እያየ፣ የፊቱን ፍሬን እንደ ሎሚ እጨምቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ለስለስ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲመጣ ጠበቅ። የኋላውን ረገጥ ታደርገዋለህ እንጂ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። በአንዴ ካነቅከው ግን ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት፣ በሌለው ሞተር ላይ ጎማው ይቆለፍና ይጥልሃል። በቀን ሃያ ጊዜ ያህል እደግመው ነበር። 30 ሲሰለቸኝ 40፣ ከዚያ 50። ሲሰለቸኝ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ደፈርኩ ብለህ ፍጥነት አትጨምር፣ ሲሰለችህ ጨምር።

ፍሬን የምጀምርበትንና የምቆምበትን ምልክት አደርግ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በ50 መጥቼ የቆምኩበት ቦታ ከመጀመሪያው ቀን በአምስት እርምጃ አጥሮ አገኘሁት። ወርጄ ሁለት ጊዜ ለካሁት። ትከሻዬ የወረደው ያን ቀን ነው።

መልስ፦ ቁልፍ 13
መካኒክ ነኝ፤ የልቡን ነገር ለሌሎች ልተወውና ስለ ብረቱ ልናገር። «ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሞተሩ ከሥሬ የሚሸሽ ይመስለኛል» ብለሃል። እውነትም እየሸሸ ቢሆንስ? የቀየሩልህ እኮ ለዓይን የሚታየውን ብቻ ነው።

ፊት ለፊቱ ቁምና የፊት ጎማውን በጉልበቶችህ መሀል ቀጥ አድርገህ ያዝ። ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ የመሪው አንዱ ጫፍ ወደ አንተ ከቀረበ መሪው ታጥፏል፣ ወይም ፎርኩ፣ ማለትም ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለቱ ቱቦዎች፣ ተጠማዟል። ከዚያ ሰው ይርዳህና የፊቱን ከመሬት አንሡት፤ መሪውን በጣትህ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለህ አዙረው። መሀል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተመትቷል። ጎማውንም አሽከርክር፤ ቸርኬው እየተወላገደ ወይም የፍሬኑ ዲስክ ሸራውን እየነካካ ከዞረ ወደ ጋራዥ ይመለስ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጎማህን ነፋስ ለካ፤ ሦስት ወር የቆመ ሞተር ነው።

ሄልሜትህስ? ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ሲመታ ተጨፍልቆ ኃይሉን ይውጣል፤ ተመልሶ አይነፋም። ውጭው ደህና ቢመስልህም ጣለው።

ግራ እጅ
ሄልሜቱ ያው የወደቅሁበት ነው። አገጩ ላይ ጭረት አለው። አፈርኩ። ነገ ሞተሩን አየዋለሁ።

መልስ፦ የድሮ ሰው
ልጄ፣ አርባ ዓመት ነድቻለሁ፤ ሦስት አጋዘን ገጥሞኛል፣ አንዱን መትቻለሁ። ፍርሃትህ ሁሉ ውሸት አይደለም። በአጭር መብራት የምታየው ወደ 50 ሜትር ነው። አሁን ቁጥሩን ተመልከት። አይተህ እጅህ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ብንል፣ ፍሬን አያያዙን በሚያውቅ ሰው እጅ፣ በደረቅ አስፋልት፣ በ60 የሚሄድ ሞተር ለመቆም ወደ 35 ሜትር ይፈልጋል። በ80 ወደ 55፣ በ100 ደግሞ ወደ 75። አንተ 80 ላይ ነበርክ። መብራትህ ከሚያሳይህ በላይ ስትሄድ ነበር ማለት ነው፤ ሁላችንም የምንሄደው እንደዚያው ነው።

አጋዘን በብዛት የሚንቀሳቀሰው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። በመራቢያ ወራቸው ደግሞ፣ በሰሜኑ ዓለም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ወንዱ ሴቷን ሲያሳድድ መንገድም መብራትም አይታየውም። አንዷ ተሻግራ ካየህ እፎይ አትበል፤ ከኋላዋ ሌላ አለ። ዓይናቸው መብራት ይመልሳል፤ ከመንገዱ ዳር ዝቅ ብሎ የሚያበራ ነጥብ ካየህ ነዳጁን ቀንስና ጣቶችህን ፍሬኑ ላይ አሳርፍ። ገብቶብህ ከሆነ ቀጥ ብለህ ፍሬን ያዝ፤ መሪ አትጠምዝዝ፣ ወዴት እንደሚዞር እሱም አያውቀውም። እንስሳው ላይም አታፍጥጥ፤ ሞተር ዓይንህ ወዳረፈበት ነው የሚሄደው።

የማታ ወፍ
አባቴ፣ ሞተሩ ላይ የሚለጠፍ ፉጨት የሚያወጣ ነገር ይሸጣል፤ አጋዘን ያባርራል ይላሉ። ይሠራል?

የድሮ ሰው
ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። ሲፈተሽ አጋዘኑ ግድ እንደማይሰጠው ነው የታየው። እኔን ግን ለሁለት ቀን አዘናግቶኛል።

መልስ፦ ዝም አይነቅዝም
አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ማታ አደጋው በሕልምህ ይመጣል? በዚያ መንገድ ላለማለፍ ብለህ በመኪናም ቢሆን ትዞራለህ? እንዲህ ያለው ነገር ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ለአእምሮ ጤና ባለሙያ መንገር ነው። እኔ ሄጃለሁ። ያደረግነውም ዝግታ ከጻፈችው ብዙም አይርቅም፤ የምትፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ፣ ደህና ሆነህ፣ ደጋግመህ መቅረብ። በሸሸኸው ቁጥር ያድጋል። ራስ ምታት ወይም ማዞር ካለህ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይህ፣ ከዚያ በፊት ሞተሩ ይቆይ።

መልስ፦ ባለ አራት ጎማ
መሸጥም ነውር የለውም። እኔ ሸጬ በሰላም እተኛለሁ። ብቻ ላብህ ሳይደርቅ አትወስን።

ግራ እጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ተመለስኩ። ቁልፍ 13፣ ልክ ነህ። ጎማውን በጉልበቴ ይዤ ሳየው የመሪው ግራ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ወደ እኔ ገብቷል። ሌላ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ፎርኩ መያዣው ውስጥ ተጠማዞ ነው እንጂ ቱቦዎቹ አልታጠፉም። ብሎኖቹን አላልቶ፣ አቃንቶ፣ መልሶ አጠበቃቸው። ለካ ሞተሩ ይጎትት ነበር! እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር።

ፍርሃቱ ሁሉ ግን የብረቱ አልነበረም። ሜዳ ላይ በመጀመሪያው ቀን በ30 እንኳ እጄ ዘግይቶ ነበር የሚይዘው። አሁን 60 ላይ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ላልከው፣ ሕልሙ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። የድሮ ሰው፣ እርስዎ የጻፉትን ቁጥር ለባለቤቴ አነበብኩላት። «እና በማታ በ60 ነው የምትሄደው?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ሽጠው ማለቷን ለጊዜው ትታዋለች።

ትናንት በዚያው መንገድ በቀትር አለፍኩ። ቦታውን ሳላውቀው አልፌው ኖሯል፤ ዞሬ ስመለስ ጭረቱ እስካሁን አስፋልቱ ላይ አለ፣ እኔ እንዳሰብኩት ግን ረጅም አይደለም። ሲመሻሽ ገና አልሞከርኩም።

ዝግታ፣ ሜዳው ላይ በጠመኔ ያሰመርኩት በዝናብ ታጠበብኝ። አንቺ በምንድን ነው ምልክት የምታደርጊው?

ዝግታ
በአሮጌ ካልሲ። አሸዋ ሙላበትና ከመስመርህ ወጣ አድርገህ በጎን አስቀምጠው፤ ቢረገጥም አይጥልህም።